የቻይና አየር ኃይል መዘመን ከጂዳ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲፈነዳ፣ ቢ-52 የተሰኙት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከጂዳ፣ ኤፍ-111 የተባሉት ደግሞ ከጣኢፍ እየተነሡ ወደ ኢራቅ ይበሩ ነበር። ያንን የአየር ዘመቻ በትልቅ ሥጋት ከተከታተሉት መካከል ከጦር ሜዳው እጅግ ርቀው የነበሩት የቻይና ጄኔራሎች ይገኙበታል። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የኢራቅ ጦር ከሶቪየት መሣሪያዎች ጎን ቻይና ሠራሽ ታንኮችንና ተዋጊ ጄቶችን ታጥቆ ነበር፤ ይህ ሁሉ ትጥቅ በ43 ቀናት ውስጥ ከንቱ ሲሆን ቤጂንግ የራሷን ጦር ድክመት በኢራቅ መስታወት ተመለከተች። ዛሬ ብዙ የሚባልለት የቻይና አየር ኃይል ትምህርቱን በከፊል የቀሰመው ከዚህ ከሒጃዝ ምድር ከተነሡ አውሮፕላኖች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ጊዜ የቻይና አየር ኃይል የጀርባ አጥንት የነበሩት ጄ-6 እና ጄ-7፣ የሶቪየቶቹ ሚግ-19 እና ሚግ-21 ቅጂዎች ነበሩ። በ1992 ሱኮይ-27 ከሩሲያ መግባት ጀመረ፤ በኋላም ቻይና በፈቃድ በአገሯ ትገጣጥመው ገባች። የራሷ ጄ-10 በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ከራዳር የሚሰወረው ጄ-20 በ2011 ለሙከራ ተነሥቶ በ2017 አገልግሎት ላይ ዋለ። ግዙፉ የጭነት አውሮፕላን ዋይ-20 በ2016 ሠራዊቱን ተቀላቀለ፤ ሦስተኛው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ፉጂያንም በኖቬምበር 2025 ሥራ ጀመረ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቻይና አየር ኃይልና የባሕር ኃይል አቪየሽን በአንድነት ከ3,150 በላይ አውሮፕላኖች እንዳሏቸውና በብዛትም ከዓለም ሦስተኛ እንደሆኑ ገልጿል።

ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም፤ ከቁጥሩ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ሞተሩ ነው። የተዋጊ ጄት ሞተር ተርባይን የሚሽከረከረው፣ የተሠራበትን ብረት ሊያቀልጥ በሚችል ግለት ውስጥ ነው፤ ብረቱ ሳይቀልጥ እንዲቆይ የሚያደርገው የቅይጡ ጥራትና በውስጡ የሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር ነው። ይህን ጥበብ ፎቶግራፍ በማየት ወይም አንድ ሞተር ፈትቶ በመገጣጠም መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ ነው ጄ-20 እንኳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሩሲያ ሞተር የበረረው፤ በአገር ውስጥ በተሠራው ደብልዩ.ኤስ-10 የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢ ይህ ለመሐንዲሶች የሚተው ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ቻይናና ፓኪስታን በጋራ የሚሠሩት ጄ.ኤፍ-17 እስከ ዛሬ የሚበረው አር.ዲ-93 በተባለ የሩሲያ ሞተር ነው። ይህን ጄት የሚገዛ አገር ከቤጂንግና ከኢስላማባድ ጋር ብቻ የተዋዋለ ይመስለዋል፤ ሞስኮም ሳትፈርም በውሉ ውስጥ አለች።

ሁለተኛው ጥያቄ የልምድ ነው። ቻይና በ1979 ከቬትናም ጋር ከተዋጋች ወዲህ ትልቅ ጦርነት አላካሄደችም፤ በዚያም ጊዜ አየር ኃይሏ ውጊያ ውስጥ አልገባም። መሣሪያዎቿ የተፈተኑት በሌሎች እጅ ነው። በሜይ 2025 ሕንድና ፓኪስታን በተጋጩ ጊዜ ጄ-10ሲ የተባሉት የፓኪስታን ጄቶች የሕንድን አውሮፕላኖች፣ ፈረንሳይ ሠራሽ ራፋሎችን ጨምሮ፣ መጣላቸውን ኢስላማባድ አስታወቀች። ሕንድም ቁጥሩን ባትገልጽም አውሮፕላኖች ማጣቷን በጦር ኃይሎቿ አዛዥ በኩል አመነች። ከአንድ ሌሊት ውጊያ ሰፊ መደምደሚያ ማውጣት ጥንቃቄ የጎደለው ይሆናል፤ ይሁንና የቻይና ጄት ለሰልፍ ብቻ የሚሆን ነው የሚለው አስተያየት ከዚያ ወዲህ አያስኬድም።

ይህ ለሳዑዲ ዓረቢያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሪያድና ኢስላማባድ በሴፕቴምበር 17 ቀን 2025 የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈራርመዋል። የፓኪስታን ጄ.ኤፍ-17 ጄቶች በዚያው ዓመት መጀመሪያ በዛህራን በተደረገው የአየር ልምምድ ተሳትፈዋል። ከቻይና ጋር ያለው ግንኙነትም ከዲፕሎማሲው የቀደመ ነው፤ መንግሥቱ የቻይናን የረጅም ርቀት ሚሳኤሎች መግዛቱ የታወቀው በ1988 ሲሆን፣ ሁለቱ አገሮች ኤምባሲ የከፈቱት ከ1990ው ስምምነት በኋላ ነው። አሜሪካ የሚሳኤል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነትን ጠቅሳ የታጠቁ ድሮኖችን አልሸጥም ባለች ጊዜ ክፍተቱን የሞሉት የቻይናዎቹ ሲ.ኤች-4 እና ዊንግ ሎንግ ናቸው። በ2017 ንጉሥ ሰልማን ቤጂንግን ሲጎበኙም ሲ.ኤች-4ን በሳዑዲ ለማምረት ስምምነት ተፈርሟል። በኖቬምበር 2019 ደግሞ የሁለቱ አገሮች ባሕር ኃይሎች እዚሁ ጂዳ በሚገኘው የንጉሥ ፈይሰል የባሕር ኃይል ጣቢያ አብረው ተለማምደዋል።

መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የገዙትን ማብረር ግን ሌላ ነው። የኢራቅ ሲ.ኤች-4 ድሮኖች በጥገና ችግር ምክንያት በ2019 ከአሥር ከሚበልጡት ለግዳጅ ብቁ የነበረው አንድ ብቻ መሆኑን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ሪፖርት አመልክቷል። ዮርዳኖስም በዚያው ዓመት የራሷን ለሽያጭ አቀረበች። ዕድሜ የጠገቡ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከዚህ የከፋውን ያውቃሉ። በኦጋዴን ጦርነት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ1970፣ ኢትዮጵያ የአሜሪካን ኤፍ-5፣ ሶማሊያ የሶቪየትን ሚግ ታጥቀው ነበር። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ጋር ተቃቃረች፤ ሞስኮም ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ አዞረች፤ ሞቃዲሾ የሶቪየት ባለሙያዎችን አባረረች። ሁለቱም አገሮች አውሮፕላን ነበራቸው፤ ሁለቱም በዚያው በጦርነቱ ዓመት ሻጫቸውን አጡ።

እንግዲህ ለሪያድ የቻይና ጄት የመደራደሪያ አቅም እንጂ የኤፍ-15 እና የታይፉን ምትክ ነው ብዬ አላምንም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኖቬምበር 2025 ኤፍ-35 ለሳዑዲ እንዲሸጥ እንደሚፈቅዱ ሲናገሩ፣ በዋሽንግተን ከተነሡት ሥጋቶች አንዱ የጄቱ ምስጢር ወደ ቻይና ሊሾልክ ይችላል የሚል ነበር። ከሁለቱም መግዛት የሚፈልግ የአንደኛውን በር ሊያጠብ ይችላል ማለት ነው።

በመካና በጂዳ ለምንኖር ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። በዚህ ሰማይ ላይ አደጋ ይዞ የመጣው ተዋጊ ጄት አልነበረም። በኦክቶበር 2016 ከየመን የተተኮሰ ሚሳኤል ከመካ 65 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መክሸፉን ጥምር ጦሩ አስታውቋል፤ በማርች 2022 በጂዳ የአራምኮ ነዳጅ ማከማቻ ላይ በደረሰው ጥቃት የተነሣውን ጥቁር ጭስ ከተማው ሁሉ አይቶታል። የዑምራና የሐጅ ተጓዦች የሚያርፉበትን ይህን አየር የሚጠብቁት በዋናነት የአሜሪካ ፓትሪዮቶች ናቸው፤ በጁላይ 2025ም የመጀመሪያው የታድ ሚሳኤል መከላከያ ክፍል እዚሁ ጂዳ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ሥራ ጀምሯል። የቻይና ጄት በዚህ ሰማይ እንዲበር ከተፈለገ ከእነዚህ ራዳሮች ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ የራዳሮቹ ባለቤት ግን ይህን በቀላሉ የሚፈቅድ አይመስልም።