ለቬጋስ ጉዞ ዋናው ቁጥር የሆቴሉ ዋጋ አይደለም

ባለፈው ሰሞን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ገና ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከዴንቨር። እዚያ ገና ምሽት ነው። «ስሚ፣ ኢኮኖሚክስ የተማርሽው ለመቼ ነው? በጀት አውጪልኝ» አለኝ።

እሱና ባለቤቱ ጥር አጋማሽ ላይ ከተጋቡ አንድ ዓመት ይሞላቸዋል። ለማክበር ያሰቡት ላስ ቬጋስ ነው። ከዴንቨር በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሦስት ሌሊት፣ ጥሩ ሆቴል፣ አንድ ትልቅ ሾው፣ «ትንሽ ጨዋታ»፣ ከዚያ ወደ ሥራ።

ደስ አለኝ። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ሲሮጡ ነው የከረሙት፤ የሠርጉን ዕዳ ከፍለው የጨረሱትም በቅርቡ ነው። እረፍት ይገባቸዋል። ስለዚህ «ቬጋስ ምን ሊሠሩ?» የሚል ስብከት ከእኔ አትጠብቁ። ላፕቶፔን ከፍቼ ኤክሴል ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለጨዋታ 300 ዶላር ብለሽ ጻፊ፤ እሷ የምታውቀው እሱን ነው። እኔ ግን ዕቁብ ደርሶኛል፣ 1,500 ይዤ ነው የምሄደው። ትርፉን እዚያ ውስጥ እንዳታስገቢው።»

ይህ ጽሑፍ ኤክሴሉ ውስጥ እንዳላስገባት ስለተነገረኝ 1,200 ዶላር ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ግን መጀመሪያ የሚታዩትን ቁጥሮች እንያቸው፤ ምክንያቱም ቬጋስ ውስጥ የሚታየው ቁጥርና የሚከፈለው ቁጥር አንድ ሆነው አያውቁም።

ከክፍሉ እንጀምር። «የ79 ዶላር ክፍል አገኘሁ!» ብሎ ስክሪንሾት ላከልኝ። አየሁት። እውነት ነው 79 የሚል አለ፤ ግን በትንሽ ጽሑፍ። በትልቁ የተጻፈው 124 ነው። መሀል ያለው 45 ዶላር «ሪዞርት ፊ» የሚሉት ነው፤ ለዋይፋይ፣ ለጂም፣ ለመዋኛ ገንዳ እየተባለ፣ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም በየሌሊቱ የሚከፈል። ድሮ ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ፣ ካርዳችሁን ልታስገቡ ስትሉ ነበር። በፈረንጆቹ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ግን የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ደምረው ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ታክሱ ገና አልተጨመረም፤ እዚያ የሆቴል ክፍል ታክስ ከ13 በመቶ በላይ ነው። እናም 79 የነበረው በሌሊት 140 ገደማ ሆነ። ሦስት ሌሊት፣ 420 ዶላር።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ሥራውን ሠርቷል። ትክክለኛው ዋጋ በትልቁ ተጽፎለታል። የአክስቴ ልጅ ግን ያነበበው ትንሹን ነው። ሰው ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው።

ጥሩ ዜናም አለ። ያው ክፍል ዓርብና ቅዳሜ በጣም ይወደዳል፤ በሳምንቱ መሀል ይረክሳል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ትልቁ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ስላለ ዋጋው ይሰቀላል፤ የእነሱ ቀን ግን ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከእሁድ እስከ ረቡዕ አደረግነው። ወቅቱ ክረምታቸው ነው፤ ማታ ይበርዳል፣ አንዳንድ የመዋኛ ገንዳዎችም ይዘጋሉ። ጃኬት አትርሱ አልኩት።

በነፃ የሚታየውም ብዙ ነው። የቤላጂዮ ሆቴል የውሃ ፏፏቴ በሙዚቃ ሲደንስ ለማየት ሳንቲም አትከፍሉም። እዚያው ውስጥ ያለው የአበባ አዳራሽም ነፃ ነው። በ2023 የተከፈተውን ስፊር የተባለውን ግዙፍ ድቡልቡል ሕንፃ ውስጥ መግባት ውድ ነው፤ ከውጭ ማየቱ ግን በነፃ ነው። መኪና ከተከራዩ ቀያዮቹ የሬድ ሮክ ተራሮች ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ሁቨር ግድብ ደግሞ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ምግብ ሲያምራቸውም ችግር የለም። ቬጋስ ብዙ አበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው ሁሉ አለ። ሽሮና ክትፎ አይጠፋም።

እስከዚህ ድረስ ኤክሴሉ ቆንጆ ነው። አሁን ወደ «ትንሽ ጨዋታ» እንምጣ።

የአሜሪካው ሩሌት 38 ቦታዎች አሉት፤ ከ1 እስከ 36፣ አንድ ዜሮ፣ አንድ ድርብ ዜሮ። በአንድ ቁጥር ላይ 1 ዶላር አስይዛችሁ ከወጣላችሁ 35 ዶላር ይከፈላችኋል፤ የራሳችሁም 1 ዶላር ይመለሳል። እንግዲህ 38 ጊዜ ተጫውታችሁ ቁጥራችሁ አንዴ ቢወጣ፣ 38 አስይዛችሁ 36 ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለቱ ዶላር የቤቱ ነው። በመቶኛ 5.26። አንዳንድ ጠረጴዛዎች ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዜሮ ተጨምሯል፤ እዚያ የቤቱ ድርሻ ወደ 7.69 በመቶ ከፍ ይላል። ምንም ማጭበርበር የለበትም። ሁሉም ነገር ጠረጴዛው ላይ ተስሎ ይታያል።

ይህን ለእኛ ሰው በዕቁብ ማስረዳት ይቀላል። ዕቁብም ዕጣ አለው። ግን ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ ይወስዳል የሚለውን። ሁሉም የጣለውን ያህል ይወስዳል። ካዚኖ ማለት ዳኛው ዕጣ በወጣ ቁጥር ከእያንዳንዱ ዶላር 5 ሳንቲም ወደ ኪሱ የሚከትበት ዕቁብ ነው። እንደዚህ ያለ ዕቁብ ሰፈራችን ቢቋቋም ማን ይገባል? የአክስቴ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ዕቁብ ያገኘውን ብር ወደ ሁለተኛው ሊወስድ ነው።

እንደዚያም ሆኖ 5 ሳንቲም ብዙ አይመስልም አይደል? ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ዙር 15 ዶላር፣ በሰዓት 40 ዙር ብትጫወቱ በሰዓት 600 ዶላር ጠረጴዛው ላይ ዞረ ማለት ነው። የዚያ 5.26 በመቶ ወደ 32 ዶላር ይጠጋል። በሌሊት አራት ሰዓት፣ ሦስት ሌሊት፣ በአማካይ 380 ዶላር ገደማ። ይህ አማካይ ነው፤ አንዱ አትርፎ ይወጣል፣ ሌላው በመጀመሪያው ሰዓት ባዶ ይቀራል። ግን እንደ ዋጋ ካያችሁት መጥፎ አይደለም። ሾው ገብታችሁ ለቲኬት እንደከፈላችሁ ቁጠሩት። ከሾው ስትወጡ «የቲኬቴን ብር መልሱልኝ» አትሉም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ይህንን ነው፦ በ300 ዶላሩ ችግር የለብኝም። ችግሩ 1,200ው ነው፤ ብዛቱ ሳይሆን ድብቅ መሆኑ።

ለምን? ባለቤቱ የምታውቀው 300 ዶላር ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። «በላኝ!» ይላል፣ ትስቃለች፣ እራት ይበላሉ፣ ያበቃል። የማታውቀው 1,200 ሲያልቅስ? ለማን ይናገራል? ክፍል ገብቶ ምን ይላል? መናገር ስለማይችል ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ማስመለስ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወደ ኤቲኤሙ የሚወስደው ስግብግብነት ላይሆን ይችላል። ሐፍረት ነው። ካዚኖው ከሩሌቱ የሚያገኘው 5 ሳንቲም የታወቀ ነው፤ ቁርጥ ያለው ገደብ የሌለው «እስካስመልስ» የሚለው ቃል ነው።

«ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው እንጂ!» አለኝ። ከበላ ወርቅ ሊገዛላት። እሺ፣ ደስ ይላል። ግን 1,200 ዶላሩ እኮ አሁን በእጁ ነው! ወርቁን አሁኑኑ ይግዛላት፤ ያኔ ሰርፕራይዙ መቶ በመቶ እርግጠኛ ነው። በሩሌት በኩል አዙሮ የሚገዛ ወርቅ የሚመጣው ሲበላ ብቻ ነው። ሲበላበት ግን ሰርፕራይዙ ሌላ ዓይነት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ማመን አለብኝ። ባልና ሚስት እያንዳንዷን ሳንቲም መተያየት አለባቸው ብዬ አላምንም። የግል የኪስ ገንዘብ መኖሩ ጤናማ ነው፤ መኖሩን ሁለቱም ካወቁና ከተስማሙበት። «ይሄ የኔ ነው፣ አትጠይቂኝ» ብሎ በግልጽ መስማማት አንድ ነገር ነው። 300 ብሎ አስጽፎ 1,500 ይዞ መሄድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ገደብ ነው፤ ሁለተኛው ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ ሊነገር የታሰበው የጋብቻቸውን ቀን ለማክበር በሚሄዱበት ጉዞ ላይ ነው።

ይህ የዴንቨርና የቬጋስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። እኛም ሰፈር የስፖርት ውርርድ ቤቶች አሉ። ቅዳሜ ማታ የበላ ሰው ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ የተበላው ግን መሬት ላይ ጥሎት ይሄዳል። ፎቶው ይታያል፣ የተጣለው አይታይም። ጓደኞቼ መሀል ለእጮኛው ስንት እንደሚያስይዝ በትክክል የነገረ አላውቅም። «ትንሽ ነው» ነው የሚባለው። «ትንሽ» ግን ቁጥር አይደለም።

እናም ቬጋስም ይሁን ቢሾፍቱ፣ አብራችሁ የምትሄዱ ሰዎች ብትሰሙኝ፦ ቁጥሩን ከመነሳታችሁ በፊት አብራችሁ ወስኑ። በጥሬ ብር ለየብቻ በፖስታ ያዙት። ካርዱን ክፍል ውስጥ ተዉት፤ ካዚኖ ውስጥ ያሉ ኤቲኤሞች የሚቆርጡት ክፍያም ቀላል አይደለም። ፖስታው ባዶ ሲሆን ማታው አለቀ ማለት ነው። ከተረፈ ደግሞ የሁለታችሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ ነገሩ አልጣመውም። «በጀት አውጪልኝ አልኩ እንጂ አስታርቂኝ አላልኩም» ብሎ ዘጋብኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ግማሹ የተደበቀ በጀት በጀት አይደለም። እሷ ባለችበት ካልሆነ ኤክሴሉን እንደማልልክ ጻፍኩለት። ሁለት ቀን መልስ የለም። ልክ ነኝ ወይስ ሰው ትዳር ውስጥ ገባሁ እያልኩ ከረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ሁለቱም በቪዲዮ ነበሩ። እሱ ራሱ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ዕቁቡ መቼ ነው የደረሰህ?» ብላ ጠየቀችው። «ከሁለት ወር በፊት» አላት። ከዚያ በኋላ ያወሩት የእኔ አልነበረም፤ ቡና ላፍላ ብዬ ተሰናበትኩ።

ጉዞው አልተሰረዘም። ማታ ኤክሴሉን ስከፍተው «ጨዋታ፣ 300» የሚለው መስመር ተቀይሯል። የቀየረችው እሷ ናት። «ቲኬት፣ 400፣ ለሁለት» ይላል። ከሥሩ አዲስ መስመር አለ፦ «ዕቁብ፣ 1,100»። ከፊት ለፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ምን እንደሚያደርጉበት ገና አልተስማሙም። ግን አሁን ሁለቱም ያዩታል።