«በጣም ይወዳት ነበር» አይበቃንም!

የፍቅር ልቦለድ አንባቢዎች ነንና አንድ ነገር እንናገር። ጀግናው ገና ብቅ ሲል «ቅን፣ ለጋስ፣ አፍቃሪ» ይባልልናል። ጀግናዋም ዓይኗ የሚያበራ፣ ልቧ የሚራራ ናት። ከዚያ ሁለት መቶ ገጽ ሲዋደዱ እንከርማለን። መጽሐፉን ዘግተን መንገድ ላይ ብናገኛቸው ግን አንለያቸውም። ለምን ቢሉ፣ ተነገረን እንጂ ሲያደርጉ አላየናቸውማ!

እስቲ ከቤታችን እንጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ሰብለ ወንጌል ቆንጆ ናት፤ ቆንጆ ሴት ግን በየልቦለዱ ሞልታለች። ሰብለን ሰብለ ያደረጋት የፊታውራሪ ልጅነቷን ጥላ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ በዛብህን ፍለጋ ከቤት መውጣቷ ነው። አባቷም ለጋብቻ የመጣውን ሁሉ ከዘራቸው በታች አድርገው ሲመልሱ ካየን በኋላ ስለ ትዕቢታቸው ሌላ ቃል አያሻንም።

ባሕር ማዶም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 በታተመው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ዳርሲ ፍቅሩን መጀመሪያ የገለጠው በአፉ ነበር፤ ያውም የኤልሳቤጥን ቤተሰብ ዝቅ እያደረገ። እሷም አሰናበተችው። ኋላ ታናሽ እህቷ ከአንድ አታላይ መኮንን ጋር ስትኮበልል ዳርሲ ፈልጎ አገኛቸው፤ የሰውየውን ዕዳ ከፍሎ አጋባቸው፤ ነገሩንም በምስጢር ያዘው። ኤልሳቤጥ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ንግግሩ ያላሳየውን ማንነት ሥራው አሳየው።

ዝርዝር ስንል ታዲያ የመኪናውን ዓይነትና የቀሚሷን ቀለም መደርደር አይደለም። ማኪያቶ የጋበዛት ልጅ አስተናጋጇን እንዴት ይጠራታል? የታክሲ ረዳት ተሳስቶ መልስ ሲያበዛለት ይመልሳል ወይስ ኪሱ ይከታል? እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ከአሥር ቅጽል ትበልጣለች።

«ታዲያ ልቦለድ አይደል እንዴ፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ያስጨነቀን ብዙዎቻችን ፍቅርን የተማርነው ከመጽሐፍ መሆኑ ነው። ጀግናው ስልኳን ይበረብራል፣ ከጓደኞቿ ይለያታል፣ ደጇ ላይ ያደፍጣል፤ ደራሲው ደግሞ «ከፍቅሩ ብዛት» ብሎ ያልፍለታል። እንዲህ ያለውን ስም እያመንን ያደግን ልጆች በእውነተኛው ሕይወትም «ያላንቺ መኖር አልችልም» የሚለውን ቃል ሰምተን፣ ሲቆጣ እጁ ምን እንደሚሠራ ማየት እንረሳለን። ዋጋው ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ ነው።

ለምትጽፉ ጓደኞቻችን አንድ ልመና አለን። ረቂቃችሁን አውጡና «ደግ»፣ «ጨካኝ»፣ «አፍቃሪ» የሚሉትን ሁሉ ሰርዙ። ከዚያ በኋላም ሰውየው ማን እንደሆነ ከታወቀ እሰየው፣ ሰው ፈጥራችኋል። ካልታወቀ ግን ድሮም አልነበረም።