ወንዙ መጀመሪያ ወንዝ ነው



ይህን እትም የሰጠነው በድርሰት ውስጥ እየተመላለሱ የሚመጡ ምልክቶችን ለይቶ ለማንበብ ነው። በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ወርቁን ለመያዝ እንቸኩላለን፤ ሰሙን ግን ሳናየው እናልፋለን።

አባይን እንውሰድ። በተረታችን ማደሪያ የሌለው፣ ግንድ ይዞ የሚዞር መንገደኛ ነው። በካማሺ ዞን ላለ አንባቢ ግን ከሁሉ በፊት ዳቡስና ዴዴሳ የሚገቡበት ወንዝ ነው። ጉባ ላይ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ በ2012 ክረምት ውሃ መያዝ ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። አባይ ማደሪያ አገኘ። ከእንግዲህ የድሮውን ምልክት እንዳለ የሚያነሣ ገጣሚ ወንዙን አላየውም ማለት ነው።

ሰሙን መዝለል በወንዝ ብቻ አይቆምም። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ሸክሟን ግራና ቀኝ አመጣጥና ስትሄድ ደራሲ ቢጽፋት፣ ብዙዎቻችን «የሴት ጭቆና» ብለን እንዘጋዋለን። አረማመዷን፣ ሚዛን አጠባበቋን ማን ያንብብ?

ምልክትን የሚያጋልጠው መደጋገሙ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958) መንገድን ተከተሉ፦ በዛብህ ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ይደርሳል፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ትከተለዋለች። መንገድ በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው ከተወለደበት ደረጃ ሊያመልጥ ይሞክራል። አንዴ ብቻ ቢሆን መንገድ ብቻ ነበር።

የዚህን እትም ጽሑፎች ሁለት ጊዜ አንብቧቸው፤ በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ያዙ፣ የተደጋገመውንም አስምሩበት። ያገኛችሁትን ጻፉልን።

አዘጋጁ