ሹሙ መሰላል ቢወጣ

ከአዲስ አበባ በኮተቤ በኩል ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን፥ በሌላውም ወገን ወደ ሰበታና ወደ ሆለታ በሚወስዱት መንገዶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተመውን መኪና ያየ ሰው፥ ከተሜው የቢሮውን ወረቀት ዘግቶ፥ ከአባቱ በወረሰው ወይም በጡረታዬ ዘመን አርፍበታለሁ ብሎ በሠራው የገጠር ቤት አንድ ሁለት ሌሊት ለማደር እንደሚጓዝ ያውቃል። የሚጓዘው ለማረፍ ነው፤ ዳሩ ግን የገጠር ቤት ባለቤቱን የሚያሳርፍ ቤት አይደለም። እርሱ በሌለበት ሰሞን ነፋስ የቆርቆሮውን ጫፍ ገልብጦታል፥ ምስጥ የበሩን መቃን ከሥሩ ጀምሮታል፥ ዝናብ የግድግዳውን ምርጊት አጥቦታል፥ የጎረቤት ጥጃም አጥሩን በአንድ ወገን ከፍቶ ገብቷል። ይህን ሁሉ ዞሮ ካየ በኋላ ጌታው ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ኮቱን አውልቆ መዶሻ ያነሣል፥ ወይ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ሠራተኛ ያስጠራል። እኔ ከፊተኛው ጋር ነኝ፤ ምክንያቴንም ዘርዘር አድርጌ መናገር ይገባኛል፥ በአገራችን ኮት አውልቆ መዶሻ ማንሣት ዛሬም ክርክር የሚያስነሣ ነገር ነውና።

ክርክሩ የቆየ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን፥ ሸማ የሚሠራውን ሁሉ በስድብ ስም እየጠራን፥ ነገር ግን ያለ እነርሱ ማረሻ ሳናርስ፥ ያለ እነርሱ ምጣድ ሳንጋግር፥ ያለ እነርሱም ሸማ ቤተ ክርስቲያን ሳንስም የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ መንገዱን ለመጥረግ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ አብረዋቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ከነገሥታቱም በፊት ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ጻድቁ ዮሴፍ ጸራቢ፥ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደ ነበሩ ስታስተምር ኖራለች፤ ይህንኑ ትምህርት እሑድ ቆሞ የሰማው ምእመን ግን ሰኞ አናጢውን ከደጅ አቁሞ ያነጋግረዋል። ዛሬ በግልጥ የሚሰድብ ብዙ የለም። ንቀቱ ረቆ አክብሮት መስሏል። ጌታው መሰላሉን ሲይዝ የቤቱ ዘበኛ ይሮጥና «ኧረ ጌታዬ፥ እኛ ቆመን እርስዎ ይወጣሉ?» ይላል፤ ጌታውም ደስ ብሎት መሰላሉን ይለቅቃል።

«ደመወዝ እየበላህ የቀን ሠራተኛውን እንጀራ ለምን ትሻማለህ?» የሚል ተቃውሞ እንዳለም አውቃለሁ፥ በዚህ ጉዳይ ከሚነሡት ሁሉ ክብደት ያለውም እርሱ ነው። በየመንደሩ ቅዳሜን ለአንድ ቀን ምንዳ ሲል የሚጠብቅ ሰው አለ። ስለዚህ ጣሪያ እንደ መለወጥ፥ ጉድጓድ እንደ መቈፈር፥ አዲስ ቤት እንደ ማቆም ያለውን ከባድ ሥራ ባለሞያውና ባለ ጉልበቱ ይሥሩት፥ ዋጋቸውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበሉ። እኔ የምናገረው ስለዚያ ሳይሆን፥ ማንም ሰው ተጠርቶ ስለማይመጣለት ጥቃቅን ሥራ ነው፤ ስለ አንድ የላላ ሚስማር፥ ስለ አንድ የተሰነጠቀ ምርጊት፥ ስለ አንድ የረገበ ማጠፊያ። ለዚህ ሠራተኛ አይጠራም፤ ስላልተጠራም ለሚመጣው ወር፥ ከዚያም ለሚመጣው ዓመት ይቆያል፤ ሲቆይም በሚስማሩ ቀዳዳ የገባው ውሃ ማገሩን፥ የበሰበሰው ማገርም ወራጁን ይዞ ይወርዳል። ደግሞም ቤቱን በእጁ ዳስሶ የማያውቅ ባለቤት የሚያዘውንም አያውቅም፤ አንዱ መጥቶ «ይህ ሁሉ መነቀል አለበት» ቢለው የሚመልሰው ቃል ስለሌለው፥ ከእውነተኛው አናጢ ይልቅ አፈኛው ይጠቀምበታል። እንግዲህ ባለቤቱ በእጁ መሥራቱ ሐቀኛውን ባለ እጅ የሚጐዳ ሳይሆን የሚጠቅም ሆኖ አገኘዋለሁ።

የቆርቆሮን ነገር እንመልከት። ሰኔ ገብቶ ውሃው አልጋ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ሰው ቆርቆሮው አርጅቷል ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያረጀው ቆርቆሮው ሳይሆን በሚስማሩ ቆብ ሥር ያለችው ጎማ ናት፤ ፀሐይ አድርቃ ሰነጣጥቃታለች፤ በደጋው አገር ደግሞ የቀኑ ሐሩርና የሌሊቱ ውርጭ ብረቱን ሲያሰፋውና ሲያኰማትረው ሚስማሩን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ስቦታል። ሌላው ጥፋት ከመጀመሪያው አብሮ የተሠራ ነው። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ እንጂ በዝቅታው አይደለም፥ ውሃ የሚወርደው በዝቅታው ነውና፤ ነገር ግን በዝቅታው በኩል ቆርቆሮው ከማገሩ ጋር ተጋጥሞ ስለሚገኝ መምታቱ ይቀላል፥ ስለዚህም ቸኩሎ የሠራ ሁሉ እዚያው ላይ ይመታል። ሁለት ቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲነባበር አንዱ በሌላው ላይ አንድ ሞገድ ተኩል ያህል መውጣት አለበት፤ የላይኛውም አፍ ዝናብ ከሚያመጣው ነፋስ ዞሮ መቀመጥ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ለማየት ምህንድስና መማር አያሻም፥ መሰላል መውጣት ግን ያሻል። የላላውን ሚስማር በጉጠት ነቅሎ፥ አሮጌውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፍኖ፥ ባለ ጎማ ሚስማር ከዚያው ጠጋ ብሎ ጤነኛ እንጨት ባለበት መምታት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም በጥርና በየካቲት ደረቅ ቀን እንጂ ደመናው ከተሰበሰበ በኋላ አይደለም። የሚረገጠውም የሚስማሩ ተርታ ባለበት፥ ይኸውም ከሥሩ ማገር መኖሩ በታወቀበት መስመር ነው፤ ሌላው ስፍራ ሰው አይሸከምም።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ከዚህ የባሰ ስሕተት ሲሠራ አያለሁ። ከከተማ የመጣው ሁሉ፥ ቤቴ እንዲያምር ብሎ፥ የአባቶቹን የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ማስለሰን ይዟል። ለአንድ ክረምት ያምራል። ጭቃ ግን እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፥ ሲደርቅም የሚሸሽ ነገር ሲሆን፥ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ስለሚያጣ ከልስኑ በስተኋላ ተከማችቶ ግድግዳውን ከነማገሩ ያበሰብሰዋል። በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ልስኑ በትልቅ በትልቁ እየተገመሰ ሲወድቅ የሥሩን ጭቃ ይዞት ይወርዳል፤ ባለቤቱም ጭቃውን ይረግማል። የጎረቤቱ ሽማግሌ ግን ቀላሉን መድኃኒት ያውቃሉ። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሶ፥ ውሃ እያጠጡ በእግር እየረገጡ፥ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ለቀናት ያህል ማቡካት ነው፤ ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ ምርጊቱ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ከዚያ በላይ በእበትና በአመድ ተለቅልቆ፥ የሚወድድም ሰው ኖራ ቀብቶት፥ የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ብሎ ዝናቡን ካራቀለት፥ ከሥሩም የድንጋይ መሠረት ካለው፥ የጭቃ ቤት ከሠሪው በላይ ዕድሜ አለው። ስለ ቋሚው እንጨት ከሆነ ጽድ ምስጥን ይመክታል፤ ባሕር ዛፍ ግን ርካሽ ቢሆንም ከመሬት ጋር በተገናኘበት ቶሎ ይበላል፥ ስለዚህ እግሩን በእሳት ጠበስ አድርገው ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነክረው የሚተክሉት ሰዎች ያውቁበታል። ይህን ምክር በገንዘብ መግዛት አይቻልም። ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ የገባ ብቻ ይሰማዋል፤ በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ጌታ ሽማግሌው ምን ብለው ይነግሩታል?

ወደ ሌላው እንቅፋት ልምጣ። የቢሮ ሰው ነፃ ጊዜ የሚያገኘው በቅዳሜና በእሑድ ነው፤ በሥርዓታችን ደግሞ ሁለቱም ሰንበት ናቸው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ክብር ተከራክረው፥ ከአገራቸው ተሰደው በአርማንያ ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም በዚሁ ምክንያት ለረጅም ዘመን ሲገፉ ከኖሩ በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አጸኑ። ይህን ያህል ግዞትና መከራ የተከፈለበትን ዕለት ስለ አንድ ቆርቆሮ መሻር አይገባም የሚል ሰው ቢኖር አልስቅበትም። ጌታችን በሰንበት ጉድጓድ ስለ ወደቀው በግ የጠየቀው ጥያቄ ግን በወንጌል ተጽፎ ይገኛል፤ ሕፃናት የተኙበት ክፍል የሚያፈስ ከሆነም ያ ጣሪያ ከበጉ ጋር የሚቈጠር ይመስለኛል። ሥልጣነ ክህነት የለኝም፥ የምናገረውም የልማዴን ያህል ነው፤ እሑድ መዶሻ አላነሣም። የማላነሣው ከሃይማኖቱ በላይ ስለ ጎረቤቶቼ ነው። በገጠር ጸጥታ የመዶሻ ድምፅ ሩቅ ይሰማል፤ ከቅዳሴ የሚመለሰው ገበሬ፥ እርሱ በሬውን አሳርፎ ሳለ ከከተማ የመጣው ጌታ ሲቀጠቅጥ ቢሰማ፥ ለሰውዬው የሚሰጠው ስም ምን እንደ ሆነ አልሳተውም። እሑድ ግን ቤትን ዞሮ ማየት፥ የበሰበሰውን በጣት ነክቶ ማወቅ፥ ለሚመጣው ቅዳሜ የሚያስፈልገውን ሚስማር መቍጠር አይከለከልም። ገበሬውም ቢሆን በወር በዓሉ፥ በ12 በሚካኤል፥ በ21 በማርያም ሞፈር አይነካም፥ እንጨትም አይፈልጥም፤ አጥሩን ሲጠጋግን ግን ይታያል። በትልቁ ሥራና በትንሹ መካከል ያለውን ድንበር ከመጻሕፍት ይልቅ እርሱን አይቶ መማር ይሻላል።

ዛፍ መውጣትም ከዚሁ ሥራ የተለየ አይደለም፥ በጣሪያው ላይ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ቅጠሉን አሸንዳው ላይ እያራገፈ ውሃውን ወደ ቤት ይመልሳልና። ስለ ማዕርግ የሚጨነቅ ቢኖር የኢያሪኮውን ዘኬዎስን ያስታውሰው፤ የቀራጮች አለቃ፥ ባለጸጋም ሰው ሲሆን ሕዝብ እያየው ሾላ ላይ ወጣ። በከፋና በሸካ ጫካ ያሉ ንብ አርቢዎች ቀፎአቸውን ከትልልቅ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት፥ ማሩንም የሚያወርዱት ይህንኑ ጥበብ ከልጅነት ስለ ተማሩ ነው። የከተማ ልጅ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት የዋንዛን ፍሬ ከቅርንጫፉ ለቅሞ አያውቅም፤ አባቱም «ውረድ፥ ትወድቃለህ» ከማለት በቀር የሚያስተምረው የለውም። ማስተማር ያለበት ግን እንዴት እንደማይወድቅ ነው። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ ዛፉን ይዘው አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ እግር የሚረገጠው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ሥር ይሁን፤ ቅጠል የሌለው ደረቅ ቅርንጫፍ አይታመን። ልጅ ወይራና ሾላ ይውጣ፤ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቁመቱ የማያልቅ፥ ቅርንጫፉም ሳይታሰብ የሚገነጠል ስለ ሆነ ለልጅም ለሹምም አይገባም፥ ባለሞያ ይጠራበት። የሚቈረጠውም ቅርንጫፍ በመጀመሪያ ከሥሩ በኩል በመጋዝ ጥቂት ይገዘገዛል፥ ከዚያ ከላይ ይቈረጣል፤ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይላጣል፥ ዛፉም በዚያ ቍስል ይበሰብሳል።

አንድ የሚያስቈጣኝ ነገር ቀርቶኛል። ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ፥ ምስጥ የሚጠላው እንጨት የትኛው እንደ ሆነ፥ መሰላል በምን ያህል ዘንበል ብሎ እንደሚቆም ለከተማው ሰው የሚያሳዩት ሽማግሌ፥ በቀኑ መጨረሻ ከተሸካሚው ጋር አንድ ዐይነት ምንዳ ይቈረጥላቸዋል፤ ከዚያም ላይ የሚከራከር አይቻለሁ። ልጁን ለሚያስጠና መምህር በሰዓት የተጠየቀውን ሳያንገራግር የሚከፍል አባት፥ ቤቱን ከመፍረስ ያዳነለትን ትምህርት በቀን ሠራተኛ ሒሳብ መቀበሉ አግባብ አይደለም። ሽማግሌው ዋጋ ስለማይጠሩ ዋጋውን ራሱ ከፍ አድርጎ ይቍረጥላቸው፤ ቡናም ሲቀርብ ከበረንዳው ታች ሳይሆን ከጎኑ ወንበር ይስጣቸው።