እረፍት የተከለከለው ልጅ

በቅርቡ ገርጂ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት መጥታ፣ “ወላሂ ደከመኝ፤ ልጄን የሚያረጋጋልኝ መድኃኒት ስጪኝ” አለችኝ። ልጇ ተራ አይጠብቅም፣ ልጆች ይገፈትራል፤ በዚህም የተነሳ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል።

በዚህ ቅጣት አልስማማም። ኤዲኤችዲ የሚባለው ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ያለበት ልጅ ራሱን መግታት የሚያዳግተው ባለጌ ሆኖ አይደለም። (ስኳር ነው የሚሉም አሉ፤ ጥናቶች ግን አልደገፉትም።) ሐኪም የሚያዘው ሜቲልፌኒዴት ትኩረትን ያግዛል፤ ጓደኛ ማፍራትን ግን አያስተምርም። ከ6 ዓመት በታች ከሆነማ ከመድኃኒት በፊት ወላጅን ማሠልጠን ይቀድማል።

ተራ መጠበቅ የሚለመደው በጨዋታ ነው፤ ያውም በዚያው በተከለከለው እረፍት። ሰኞ ማክሰኞን እንውሰድ፤ መስመር የረገጠ ተራውን ለሌላው ይለቃል። ልጁ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ከእህቱ ጋር ይለማመደው። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ከአንድ ረጋ ካለ ልጅ ጋር ብቻ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ መምህርቷ ቅርብ ሆና ይጫወት። ተራውን ሲጠብቅ እዚያው “ጎሽ!” ትበለው፤ እስከ ማታ የቆየ ምስጋና ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ያን ያህል አይጠቅመውም።

እናትየዋን ሐኪም እንድታማክር ነግሬ፣ ለመምህርቷ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ሰጠኋት።