‹‹ሴንሲቲቭ ነሽ›› አለኝ፤ ልተወው?

ሰሞኑን ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን የደረሰኝ ደብዳቤ የሁለት ወጣቶችን ኩርፊያ ይዞ መጥቷል። ጸሐፊዋ ጎንደር ከተማ አስጎብኚነት ከሚማር ወጣት ጋር ሁለት ዓመት በፍቅር ቆይታለች። በቅርቡ ልጁ በስልክ መልእክት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ‹‹በጣም ሴንሲቲቭ ነሽ፤ የምወድሽም ለዚህ ነው›› ብሎ ይጽፍላታል። እሷም መዝገበ ቃላት ብትገልጥ ‹‹ቶሎ ሆድ የሚብሰው›› የሚል ፍቺ ታገኛለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አታነሳም። ‹‹አልቃሻ ነሽ ማለቱ አይደለም ወይ? ልተወው?›› ትለኛለች።

እህቴ፣ ልጁን ከመተውሽ በፊት እስቲ ቃሉን እንየው።

ሴንሲብል፣ ሴንሲቲቭ፣ ሴንስለስ፣ ሴንሱዋል አጀማመራቸው አንድ ነው። ‹‹ተሰማኝ፣ ታወቀኝ›› ከሚል የላቲን ግስ የተወለዱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሴንሲብል አስተዋይ፣ ነገር የሚያመዛዝን ማለት ነው። ሴንሲቲቭ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ አንቺ ያገኘሽው ነው፣ ሌላው ግን የሰው ስሜት ቶሎ የሚገባው ማለት ነው። ሴንስለስ ትርጉም የለሽ ነው። ሴንሱዋል ደግሞ ሥጋዊ ስሜትን የሚቀሰቅስ ነው፤ ይህቺን ተሳስቶ ለወደፊት አማቱ የጻፈ ወዮለት!

የእኛስ ቋንቋ መች ያንሳል? ‹‹ሰማ›› ከሚለው ግስ ‹‹ተሰሚ››ም ‹‹ስሜታዊ››ም ይወጣሉ። ‹‹ተሰሚ ሰው ነህ›› የተባለ ደረቱን ይነፋል፣ ‹‹ስሜታዊ ነህ›› የተባለ ግን ይቆጣል። አማርኛውን ከእናታችን ስለተማርነው አንሳሳትም። እንግሊዝኛውን ግን ለፈተና እያጣደፍን እንሸመድዳለን፤ የቃሉን ራስ ይዘን ጅራቱን እንረሳለን። ትርጉሙን የሚለውጠው ደግሞ ጅራቱ ነው።

እንግዲህ ልጁ ወይ ሴንሲብል ለማለት ፈልጎ ጅራቱ አምልጦታል፣ ወይ ሁለተኛውን ፊት ማለቱ ነው። ‹‹የምወድሽም ለዚህ ነው›› የምትለዋን አትዝለያት፤ ለአልቃሻነቷ ብሎ ሴት የሚወድ የት ታይቶ! ደውዪና ‹‹በአማርኛ ምን ማለትህ ነበር?›› በይው። ከዚህ በላይ ብታኮርፊ ግን የመጀመሪያውን ፍቺ ራስሽ ታረጋግጪለታለሽ።

አንተም ወንድሜ፣ ነገ እንጀራህ በዚሁ ቋንቋ ነውና ጠንቀቅ በል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ሂስቶሪክ ነው፤ በታሪክ ትልቅ ቦታ አለውና። ስለ ነገሥታቱ ዘመን የሚተርክ ልቦለድ ግን ሂስቶሪካል ነው። የአገር ምጣኔ ሀብት ነክ ጉዳይ ኢኮኖሚክ ሲሆን ቤንዚን የማይፈጅ መኪና ኢኮኖሚካል ነው። ቃልን ብቻውን አትሸምድድ፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ያዘው።

ለቱሪስቱ በእንግሊዝኛ አስረዳ። ለፍቅረኛህ ግን አማርኛህ ይበቃል።

ቸር ያሰማን።