ቁጥሩን መለሳችሁት፤ ሞተሩንስ ማን ይመልሰዋል?

ብዙ የሄደ የስፖርት መኪና መሸጥ ነውር አይደለም። ነውሩ ብዙ የሄደውን ጥቂት ሄደ ብሎ መሸጥ ነው። ይህን የምንለው በናይሮቢ፣ በካምፓላና በሞያሌ ለምትነግዱ፣ ከጨርቁና ከጫማው ጎን መኪና አስመጥታችሁ ለምትሸጡ ወገኖቻችን ነው። ለደላሎቻችንም ለገዢዎቻችንም ነው። ስም አንጠራም፤ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓን ወደብ ላይ ሲጫን 158 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነበበ ቱርቦ ሱባሩ ሞምባሳ ይራገፋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ናይሮቢ መሸጫ ግቢ ውስጥ ታጥቦና ተወልውሎ ሲቆም 68 ሺህ ያነባል። የሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ኪሎ ሜትር የሚበላ ዓሣ ያለ ይመስል! ዛሬ የዳሽቦርድ ቁጥር መመለስ እንደ ድሮው ዳሽቦርድ መፍታት እንኳ አይጠይቅም፤ ብዙ መኪና ላይ አንድ ገመድና አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ሥራው የአንድ ሻይ ጊዜ ነው። የሚያስከትለው ጣጣ ግን የአንድ ልጅ የሁለት ዓመት እቁብ ይበላል።

መኪናውን የምንንቅ እንዳይመስላችሁ። በዚህ አገር የኖረ ሰው ሱባሩን ለምን እንደሚወድ ማንም አያስተምረንም። ኮሊን ማክሬ በፈረንጆች 1997 ሳፋሪ ራሊን በኢምፕሬዛ አሸንፏል፤ ሪቻርድ በርንስም በ2000 እንዲሁ። ራሊው በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ ናይቫሻ ላይ አቧራውን ሲያስነሳ ከልጆቻችን ቤት የቀረ አልነበረም። ሠርቶ ያገኘ ወጣት ደስ የሚለውን መኪና ቢገዛ መብቱ ነው። እኛ የምንጣላው ደስታውን ከሚሸጡለት ጋር ሳይሆን ሐሰቱን አብረው ከሚሸጡለት ጋር ነው።

ቁጥሩ ጌጥ አይደለም

«መኪናው ያው መኪና ነው፤ ቁጥሩ ቢቀነስ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይጎዳል። የኪሎ ሜትር ቁጥር ለመኪና የሕመምተኛ ካርድ ነው። መቼ ምን እንደሚቀየር የሚነግረን እርሱ ነው። ካርዱን የሰረዘ ሰው መድኃኒቱንም አብሮ ሰርዟል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እስከ 2019 የተሠራው የጃፓኑ ደብልዩ አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ኢጄ20 የሚባለው ሞተር ነው ያለው። ይህ ሞተር የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጋ ነው። ቺንጋው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ቺንጋ ሳይሆን ስለ ሙሉ ሞተር ነው። አሁን ያንን 158 ሺህ የሄደ መኪና 68 ሺህ ብላችሁ ሸጣችሁት። ገዢው ያሰላል፦ «ቺንጋ ለመቀየር ገና 32 ሺህ ይቀረኛል።» እውነቱ ግን፣ ቀድሞ ካልተቀየረ፣ 58 ሺህ አልፎበታል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የአምራቹን መመሪያ አክብሮ እየነዳ ነው። ያጠፋችሁት መመሪያውን የሚከተልበትን መቁጠሪያ ነው።

ቱርቦውም እንዲሁ። ቱርቦ የሚኖረው በዘይት ነው። ያረጀ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ዘይት ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዳው ብሮንዚኑና ቱርቦው ነው። ሞተሩ 158 ሺህ መሄዱን የሚያውቅ ሰው በየሳምንቱ የዘይት መለኪያውን ስቦ ያያል፤ ቶሎ ቶሎም ይቀይራል። «ገና አዲስ ነው» የተባለ ሰው ግን መብራት እስኪበራ ይጠብቃል። መብራቱ ሲበራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሽቷል።

በዚህ ላይ የእኛን አገሮች ሁኔታ ጨምሩበት። ያ ሞተር ጃፓን ውስጥ የተስተካከለው ለ100 ኦክቴን ቤንዚን ነው። ናይሮቢ በተራ ማደያ የሚቀዳው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከተማዋም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦው ያንኑ ጉልበት ለማምጣት የበለጠ ይደክማል። ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ይጋልበዋል። ጤነኛ ሞተር ይህን በጥንቃቄ ይችለዋል። ዕድሜው የተዋሸ ሞተር ግን ሲንኳኳ የሚሰማው ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው፤ ባለቤቱ «የሱባሩ ድምፅ ነው» ይላልና።

ሦስቱ ማመካኛዎች

የመጀመሪያው «ገዢው ራሱ ትንሽ ቁጥር ካላየ አይገዛም» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው፤ ወደ ገዢውም እንመለሳለን። ግን እስቲ ይህንኑ ቃል በሌላ ዕቃ ላይ እንሞክረው። ገዢ ርካሽ ቡና ስለሚፈልግ ሚዛን እንቀሽባለን? ጤፍ ስንሰፍር ጣሳውን ከሥር እንደፍናለን? ሚዛን የሚቀሽብ ነጋዴ በመካከላችን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ኪሎ ሜትር መቀሸብ ሚዛን ከመቀሸብ በምን ይለያል? ገንዘቡ ስለሚበልጥ ኃጢአቱም ይበልጥ ካልሆነ በቀር በምንም አይለይም።

ሁለተኛው «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ነው። እንግዲህ እኛ ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴዎች ያለን ትልቁ ካፒታል ምንድን ነው? ባንክ አበድሮን አይደለም እዚህ የደረስነው። ዕቃ በዱቤ የሚሰጠን፣ ከኢስሊ እስከ ሞያሌ ጭነታችንን ያለ ወረቀት የሚቀበለን፣ እቁብ ቀድሞ እንድንወስድ የሚፈቅድልን ሰው የሚያምነው ቃላችንን ነው። «ከሐበሻ ነው የገዛሁት» ማለት ዋስትና የሆነባቸው ገበያዎች አሉ። ያንን ቃል በ90 ሺህ ኪሎ ሜትር የሸጠ ሰው የሸጠው የራሱን ብቻ አይደለም፤ የሁላችንንም ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አይገባንም።

ሦስተኛው «ማጣራት የገዢው ፋንታ ነው» የሚል ነው። በኬንያ የ2012 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ስለ ዕቃ ሐሰተኛ መግለጫ መስጠትን ሕገወጥ ተግባር ይለዋል። «አይቶ ይግዛ» ማለት ዕቃውን ላሳየ ሰው ነው የሚያምረው። ማስረጃውን ደብቆ «ለምን አላየህም» ማለት ግን በሌላው ላይ መሳለቅ ነው።

ማስረጃውን እንደምትደብቁትም እናውቃለን። የጃፓን ጋራዦች ዘይት ሲቀይሩ በር ጠርዝ ላይ፣ ቺንጋ ሲቀይሩ ኮፈን ውስጥ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የያዘ ወረቀት ይለጥፋሉ። መኪናው ሲመጣ ይህ ተለጣፊ ለገዢው ወርቅ ነበር። ለምን ይላጣል? የሙጫው ምልክት ቀርቶ ወረቀቱ የጠፋበት መኪና ስናይ ጥያቄው አንድ ነው፦ እዚያ የተጻፈው ቁጥር ማንን አሳፈረ?

160 ሺህ ምን ያሳፍራል?

ሰዎች፣ እስቲ በሒሳብ እንነጋገር። ስምንት ዓመት የሆነው መኪና 160 ሺህ ቢሄድ በዓመት 20 ሺህ ነው፤ በቀን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የሚመላለስ ሰው ጉዞ ነው። ሞተርን የሚበላው በቀዝቃዛው ተነስቶ ሳይሞቅ መጥፋት ነው፤ በአውራ ጎዳና ረጅም የሄደ ሞተር ብዙ ጊዜ በሰፈር ውስጥ ሲነሳና ሲጠፋ ከኖረው ይሻላል። በአንጻሩ 40 ሺህ ብቻ ሄዶ ያንን ሁሉ በውድድር ሜዳ የተጋለበ፣ ወይም ዓመታት ቆሞ ጎማው የደረቀና ዘይቱ የረጋ መኪና አለ። ቁጥሩ ብቻውን ጤና አይናገርም። ታሪክ ያለው 160 ሺህ፣ ታሪክ ከሌለው 60 ሺህ ይበልጣል።

ታሪኩ ደግሞ አለ። ጃፓን ውስጥ የግል መኪና መጀመሪያ በ3ኛ ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ይመረመራል፤ በምርመራው ወረቀት ላይ ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል። በጨረታ ሲሸጥ ደግሞ ደረጃውን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተጋጨና የተጠገነ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይወጣለታል። አስመጪው ይህን ወረቀት ሳያይ ጨረታ አይገባም። እርሱ አይቶ የገዛበትን ወረቀት ለእኛ «የለም» የሚለን ለምንድን ነው?

የጉምሩክ ሕግም አያድነንም። ኬንያ ከመጀመሪያ ምዝገባው 8 ዓመት ያለፈውን መኪና አታስገባም፤ ኡጋንዳ ከተሠራ 15 ዓመት ያለፈውን ትከለክላለች። ናይሮቢ ላይ የቀረጡ ቅናሽ የሚሰላው በዕድሜ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ዓመት ነው፤ በገበያው ውስጥ ኪሎ ሜትር የሚጠይቀው ገዢው ብቻ ነው። ውሸቱም እዚያው ክፍተት ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

«ካልሆነም አገር ቤት ወስጄ እሸጠዋለሁ» የምትሉም ተስፋችሁን ቁረጡ። የእኛ አገር መንገድ በቀኝ ነው፤ የጃፓኑ መኪና መሪም በቀኝ ነው። ኢትዮጵያም ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ይህ መኪና የሚዞረው እዚሁ በመካከላችን ነው። ዛሬ የሸጣችሁት ለማታውቁት ሰው ይሆናል፤ ሦስተኛው ገዢ ግን የእህታችሁ ልጅ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። በመኪና ላይ ግን ውሸቱ እያደር ይከብዳል፤ የመጨረሻው ተሸካሚ ነው የሚወድቀው።

ገዢውም አይታለፍም

አሁን ወደ አንተ ወደ ገዢው። ደላላው ትንሽ ቁጥር የሚያሳይህ አንተ ከወረቀቱ በፊት ዳሽቦርዱን ስለምታይ ነው። 150 ሺህ ያነበበ መኪና በእውነት ይዞ የመጣልህን ነጋዴ «ያረጀ ነው» ብለህ ትተህ፣ 68 ሺህ ወዳለህ ትሮጣለህ። እውነተኛውን ታስርበዋለህ፤ ውሸታሙን ትቀልባለህ። ስዋሂሊው «ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ» ይላል፤ ጥድፊያ በረከት የለውም ማለት ነው። እኛም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን።

ከቀብድ በፊት የጨረታውን ወረቀትና የጃፓኑን የመላኪያ ሰነድ ጠይቅ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክር። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እይ፤ 60 ሺህ የሄደ መኪና ፔዳሉ አይላጭም። ጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ የሻጩን ፉንዲ አትመን። የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በቁጥር ያሳይህ። «ሙቀቱን ይዞ ቆይቷል፣ አሁን ነው ያጠፋሁት» ካሉህ ቀዝቅዞ እስኪነሳ ጠብቅ፤ የቀዝቃዛ ሞተር ጭስና ድምፅ አይዋሽም።

ገንዘቡንም በልክ ያዝ። የመኪናውን ዋጋ በሙሉ ይዘህ ብትሄድ ገና ግማሽ መንገድ ነው። ቢያንስ የዋጋውን አንድ አምስተኛ ለቺንጋ፣ ለዘይት፣ ለፍሪሲዮን፣ ለጎማ ለይተህ አስቀምጥ። ያ ከሌለህ ያ መኪና ያንተ አይደለም። የሱቅህን ማዞሪያ ገንዘብ ደግሞ አትንካ፤ መኪናው ጋራዥ ሲገባ ሱቁም አብሮ እንዳይዘጋ።

ለሻጮቻችን የምንለው ይህ ነው። ያለውን ቁጥር ተዉት። ወረቀቱን ከመኪናው ጋር ስጡ፤ ተለጣፊውን አትላጡ። ቺንጋው ካልተቀየረ «አልተቀየረም» በሉና ዋጋ ቀንሱ፤ ወይም ቀይራችሁ በዋጋው ላይ ጨምሩ፤ ገዢው ይከፍላል። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ የሚያውቅ ገዢ ለእርግጠኝነት ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላውንም ይዞ ይመጣል።

ለቀረነውም፦ በእቁባችን፣ በማኅበራችን፣ በቡና ቤታችን አንድ ደንብ ይኑር። ወረቀቱን የማያሳይ ሻጭ ደንበኛ አናመጣለትም፤ ለደላላውም ኮሚሽን አንከፍልም፤ ዋስም አንሆነውም። ፖሊስ ሳንጠራ፣ ፍርድ ቤት ሳንቆም ይህን ልንጀምር እንችላለን። ሚዛን የሚቀሽበውን ያሳፈርንበት አንደበት ኪሎ ሜትር ለሚቀሽበውም ይበቃል።